ከእናቴ መስኮት ሥር የነበረው ፓምፕ

ፓምፑ በየሦስት ደቂቃው ይነሳ ነበር። ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። ይነሳል፣ አሥራ ሁለት እስክቆጥር ያጉረመርማል፣ ይቆማል፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ይነሳል። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለሃያ ዓመት ያህል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የፓምፕ ሥዕል እየሳልኩ አስረድቻለሁ። የራሴን ግቢ ፓምፕ ምን እንደነካው ለማወቅ ግን ወራት ፈጀብኝ።

ቤታችን ሆሳዕና ውስጥ፣ ወደ ሌሞ ገጠር በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ቁልቁለት ላይ ነው። አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ግቢውን ለሁለት ከፈሉት። ለታላቅ ወንድሜ መንገድ ዳር ያለውን የላይኛውን ግማሽ ሰጡት። ለእኔ ታችኛውን ሰጡኝ፣ ከአሮጌው ቤት ጋር፣ ከእናታችንም ጋር። አንደኛው ሽማግሌ፣ "አንቺ እንደሆነ ልጅ የለሽ፣ ይበቃሻል" አለኝ፣ የመረቀኝ ያህል ፈገግ ብሎ። ያኔ አንጋጫ ነበር የማስተምረው። ዝውውር ጠይቄ፣ ዕቃዬን በአይሱዙ ጭኜ መጣሁ።

ከታችኛው ግቢ ጋር የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ሴፍቲ ታንከርም የእኔ ሆነ። አባታችን ያስቆፈረው ነው። ድሮ ፈሳሹ ከታንከሩ ወጥቶ ከሥሩ ባለው ማስረጊያ ጉድጓድ ይሰርግ ነበር። ጉድጓዱ ጠግቦ ወደ ጎረቤት እንሰት መፍሰስ ሲጀምር ጎረቤታችን ተቆጣ፤ እውነቱን ነበር። ስለዚህ ሽቅብ፣ በጎን አጥሩ በኩል፣ ሌላ ማስረጊያ ተቆፈረ። አሁን ከታንከሩ የሚወጣው ፈሳሽ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና ፓምፕ በቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ፓምፑን ወንድሜ ነው ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣው። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለንም።

ያቺ ትንሽ ጉድጓድ ያለችው ከእናቴ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው።

እናቴን ስትሮክ ከመታት በኋላ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። የነበራት ጥቂት አማርኛም ጠፋት፤ በሀዲይኛ ብቻ ታወራለች፣ እሱንም እየቆራረጠች። ትምህርት ቤት ስውል አንዲት ጎረቤት ብቅ እያለች ታያታለች። ሕክምና ብዬ አዲስ አበባ ይዣት ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየን። ስንመለስ ግቢያችን አምሮ ጠበቀን። ወንድሜ ከላይ ከእሱ አጥር ጀምሮ እስከ ታች ድረስ መሬቱን አስተካክሎ፣ ሳር አስተክሎልን ነበር። እናቴ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ሳሩን አይታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በሳምንቱ ቤተክርስቲያን ምስክርነት ስሰጥ እንኳ ተነስቼ፣ "ወንድሜ በሌለሁበት ግቢያችንን አሳምሮ ጠበቀን" ብዬ ተናግሬያለሁ። ሰው ሁሉ "ጌታ ይባርከው" አለ። እሱ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

ፓምፑ መጣደፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ያኔ ግን አላገናኘሁትም።

በተነሳ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ አለው፤ ቆሞ ሲያጉረመርም ድምፁ ከዚህ አይለይም። እናቴ ፓምፑ ሲነሳ ጭንቅላቷን ከትራስ ቀና ታደርጋለች።

"መጣ?" ትለኛለች።

"ማን፣ እማ?"

"ልጄ። መኪናው ነው። ክፈቺለት።"

"አልመጣም እማ። የጉድጓዱ ፓምፕ ነው።"

ትተኛለች። ከሦስት ደቂቃ በኋላ፣ "መጣ?"

ወንድሜ ከእኛ ቤት ስልሳ እርምጃ እንኳ አይርቅም። የሚመጣው ግን እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ለሩብ ሰዓት ነው። ከበሩ አጠገብ ይቆማል፣ ይጸልይላታል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ይሄዳል። እናቴ በቀን መቶ ጊዜ ስለ እሱ ትጠይቀኛለች፣ እኔም መቶ ጊዜ አልመጣም እላለሁ። በመጨረሻ ከእኔ ጋር ተጣላች። "አንቺ ነሽ የማትከፍቺለት" አለችኝ አንድ ቀን፣ በደህናው እጇ አንሶላውን እየጎተተች። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ፓምፑ ዝም ይላል፣ እናቴም ትተኛለች፣ እኔም ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ።

በመጀመሪያ ገበያው አጠገብ ያለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጉራጌ ሽማግሌ ናቸው፤ አባቴንም ያውቁት ነበር። ነገሩን ዘርዝሬ ስነግራቸው ከመደርደሪያው አንድ ፍሎተር አወረዱ፤ በሽቦ የተንጠለጠለች፣ ጡጦ የምታክል የፕላስቲክ ተንሳፋፊ ነች።

"ይቺን አየሻት ልጄ? ውሃው ሲሞላ ትነሳና ፓምፑን ታስነሳለች፤ ውሃው ሲጎድል ትወድቅና ታጠፋለች። ሽቦዋ በአጭሩ ከታሰረ ትንሽ ውሃ ነው የሚያስነሳት፣ ትንሽ ውሃ ነው የሚያጠፋት። እንዲህ ነው የሚያጣድፈው። ሽቦዋን አስረዝሚላት።"

አዲስ አልሸጡልኝም። "ያንቺዋ ደህና ናት፣ ምን ያደርግልሻል" ብለው መለሷት።

ቅዳሜ ጧት ማብሪያውን አጥፍቼ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ፣ የብረት ክዳኑን በአካፋ ፈንቅዬ ከፈትኩ። ፓምፑን በገመዱ ጎትቼ አወጣሁት። ባለሱቁ እንዳሉት ነው፤ ፍሎተሯ ከፓምፑ እጀታ ጋር ከአንድ ስንዝር ባነሰ ሽቦ ታስራ ነበር። ማሰሪያዋን ፈትቼ ሁለት ስንዝር ያህል ለቀቅኩላት፣ ደግሜም ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። መጀመሪያ አብዝቼ ስለለቀቅኩት ፍሎተሯ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ አልነሳ አለች። አውጥቼ ትንሽ አሳጠርኩ። ሦስት ጊዜ አወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ መለስኩ። እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ገማ። ከላይኛው ግቢ የወንድሜ ተከራዮች በአጥሩ ላይ ሆነው ያዩኛል፤ ወንድሜ እዚያ ስምንት የሚከራዩ ክፍሎች ሠርቶ ነበር፣ አብዛኞቹ ተከራዮች የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ "ቲቸር፣ በርቺ!" አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሦስት ደቂቃው ሰባት ደቂቃ ሆነ። እናቴ በሰባት ደቂቃ አንዴ "መጣ?" ማለት ጀመረች። ይህም እንደ ድል ተቆጠረልኝ።

ግን ሰባት ደቂቃም ልክ አይደለም። ሁለት ሰው ያለበት ቤት፣ አንዷ ከአልጋ የማትወርድ፣ ይህን ያህል ውሃ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ቧንቧ ሠራተኛ አስጠራሁ። የዳምቦያ ሰው ነው፣ ከምባታ፤ በእኔ ዕድሜ አካባቢ፣ ረጋ ያለ። አማርኛው ላይ አንቱታው ይደበላለቅበታል፤ አንዴ "እርስዎ" ይለኛል፣ አንዴ "አንቺ"። ከመሣሪያ ሳጥኑ ምንም ሳያወጣ መጀመሪያ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጆሮውን ቱቦው ላይ አስጠጋ።

"ይሰማዎታል? ስትቆም ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። የገፋችው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፣ እሷ ደግሞ እንደገና ትገፋለች። ቼክ ቫልቭ የላትም። ሲገጥሟት ረስተዋል።"

ቼክ ቫልቭ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ነገር ነው፤ ይህን እኔም አስተምራለሁ። ገጠመላት። ሰባቱ ደቂቃ አሥራ አምስት ሆነ። እሱ ግን አልሄደም። እዚያው ቁጢጥ ብሎ ጉድጓዱን ያያል።

"ቲቸር፣ የቤቱን ውሃ ሁሉ ዝጊ። ሽንት ቤቱንም፣ ወጥ ቤቱንም።"

ዋናውን ዘጋሁ። በአንድ እንጨት ላይ በሚስማር ምልክት አድርጎ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመው። ተቀምጠን ጠበቅን። ውሃው ምልክቱን አለፈው። ነጭ አረፋ ተንሳፎ መጣ፣ የሳሙና ሽታ አለው።

"ዛሬ ልብስ አጥበዋል?"

"አላጠብኩም።"

ቀና ብሎ ወደ ላይኛው ግቢ አየ። ከስምንቱ ክፍሎች ፊት ለፊት አንሶላና ሱሪ ታጥቦ ተሰጥቷል። አንዲት ተማሪ ሳፋ ይዛ ወደ ሻወር ቤቱ ትገባለች። ተነስቶ ሳሩ ላይ መራመድ ጀመረ፣ በጫማው ተረከዝ መሬቱን እየመታ። ወንድሜ ባስተከለው ሳር ላይ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"እዚህ ጋ ለስላሳ ነው" አለኝ። "ልቆፍር ወይስ ልተወው? ያንቺ ነው፣ አንቺ ንገሪኝ።"

"ቆፍር" አልኩት።

ሁለት ክንድ አልሞላም። ሳሩን በዶማ ሲገልጠው ግራጫ የፒቪሲ ቱቦ ወጣ፣ ከላይኛው ግቢ አጥር ሥር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ታንከር የሚወርድ። መጋጠሚያው ላይ የቀረው ሙጫ ገና አዲስ ይመስላል። እጄን ቱቦው ላይ አደረግሁ። ሙቅ ነበር። አንዱ ተከራይ ገላውን እየታጠበ ነበር መሰለኝ።

በዚያ ቅጽበት ትዝ ያለኝ ያ ምስክርነቴ ነው። ማይክሮፎን ይዤ "ግቢያችንን አሳምሮ ጠበቀን" ያልኩት። ፊቴ ነደደ። ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ሌላ ዞረ፤ ሰው ሲያፍር ማየት የማይወድ ሰው ነው።

ያን ዕለት ማታ ወንድሜ ጋ ወጣሁ። እራት ላይ ነበሩ። ሚስቱ ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም።

"ቱቦውን አገኘሁት" አልኩት።

ማኘኩን አላቆመም። "የቱን ቱቦ?"

"ሳሩ ሥር ያለውን።"

ውሃ ጠጣ። "የእኔ ጉድጓድ ሲቆፈር ጥቁር ድንጋይ አጋጠመን። ሠራተኞቹ አቃታቸው። ምን ላድርግ? ተከራዮቹ ሊገቡ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አዲስ አበባ ነበርሽ፣ እናታችን ታማ። በዚያ ላይ ይህን ልንገርሽ?" የእኔን ጭንቀት ለመቀነስ ያደረገው ይመስል ነበር አነጋገሩ። "ደግሞስ የአባታችን ታንከር አይደል? ፓምፑንስ ማን አመጣው?"

"ፓምፑ በተነሳ ቁጥር እናታችን አንተ የመጣህ ይመስላታል። ቀኑን ሙሉ አንተን ትጠብቃለች።"

ይህን ስለው ሚስቱ ሳህኑን ማየት ጀመረች። እሱም እጁን ጠርጎ፣ "እሺ፣ ሁለት ሳምንት ስጪኝ። ድንጋይ የሚሰብር ማሽን አመጣለሁ" አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሰጠሁት። ሦስተኛውንም ሰጠሁት። ማሽን አልመጣም። በአራተኛው ሳምንት አጋማሽ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን ይዤ መጣሁ። ቱቦውን በእኔ አጥር በኩል ቆርጦ አፉን በክዳን አሸገው፣ በሙጫ። ሲጨርስ፣ "ቲቸር፣ ነገ ይጣላሉ" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት።

እስከ ነገ እንኳ አልቆየም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የላይኛው ሻወር ቤት ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተከራዮቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይዘልላሉ። ወንድሜ በሬን ሳያንኳኳ ገባ።

"ሰው ፊት አዋረድሽኝ! ስምንት ቤት ሰው እያየኝ!"

"እኔን ደግሞ ሙሉ ቤተክርስቲያን ፊት እንዳመሰግንህ አድርገኸኛል።"

"ክፈቺው!"

"አልከፍትም።"

ጮኸ፣ ጮኽኩ። በልጅነታችን የተጣላንበትን ሁሉ አነሳን፤ እሱ እኔን ያስተማረኝ እሱ እንደሆነ፣ እኔ አባታችንን ያስታመምኩት እኔ እንደሆንኩ። ከመኝታ ቤቱ የእናቴ ድምፅ መጣ። ደስ ብሏታል።

"መጣ?" አለች።

ወንድሜ ጥሎኝ ገባ። አጠገቧ ተንበረከከ፣ እጇን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀመጠ። ምን እንደነገራት አላውቅም፤ ሲወጣ ግን አላየኝም። ልገባ ስል እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ልጄን አስለቀስሽው" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ፓምፑ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይነሳ ጀመር፤ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ። ልክ መሆን እንዳለበት ነው። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ፍሎተሯን ለመጨረሻ ጊዜ አስተካከላት፣ በሥራው ኮራ። ግቢው ጸጥ አለ። የወፍ ድምፅ እንኳ ይሰማ ጀመር።

እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፋት። ጧት ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ታዳምጣለች። መስታወቱ አይንቀጠቀጥም። ከሰዓት በኋላም ታዳምጣለች።

"ዛሬ አልመጣም?" ትለኛለች።

"ትናንትም አልመጣም እማ። የምትሰሚው ፓምፑን ነበር።"

"ዋሾ። በየቀኑ ይመጣ ነበር። አንቺ ነሽ ያባረርሽው።"

ምን ልበላት? ምግብ ቀነሰች። ማንኪያ ስሰጣት አፏን ትዘጋለች። አንድ ቀን ሽቦውን ወደ ድሮው ላሳጥረው ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ነበር። የምሬን ነው፤ ፓምፑ በየሦስት ደቂቃው ይነሳላት፣ ልጇ ይምጣላት ብዬ። ግን ከላይ የሚመጣ ውሃ የለም። ባሳጥረው እንኳ የሚያስነሳው የለውም። ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜ ቆየሁና ክዳኑን መለስኩ።

በወሩ "ልጄ ጋ ውሰዱኝ" አለች። ወንድሜ ከሦስት ተከራዮች ጋር መጣ፤ ከነፍራሿ ተሸክመው፣ በተቆፈረው ሳር በኩል ሽቅብ ወሰዷት። ዳይፐሯን፣ መድኃኒቷን፣ የምትወዳትን ሰማያዊ ኩባያ በዘንቢል ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ሚስቱ ዘንቢሉን በር ላይ ተቀበለችኝ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ እሄድ ነበር። አንዳንዴ "ተኝታለች" ይሉኛል፣ አንዳንዴ ያስገቡኛል። ስገባ እናቴ ታየኛለች እንጂ አታናግረኝም። መድኃኒቷ የሚሰጥበትን ሰዓት በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ እንደተለጠፈ ነበር፤ የክኒኑ ብልቃጥ ግን ከቀን ወደ ቀን አይጎድልም። አንዴ ብልቃጡን አንስቼ ለወንድሜ ሚስት ባሳያት፣ "አልውጥም ትላለች፣ ምን እናድርጋት?" አለችኝ። እኔ እንዴት አድርጌ እንደማስውጣት ነገርኳት፤ በቅቤ፣ በትንሽ በትንሹ። "እሺ" አለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም ከላይ ዋይታ ሰማሁ። እስክሪብቶውን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ዓይኗን ከድነውላት ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ከእኔ በፊት ፓስተሩ ደርሷል፣ ጎረቤቶች ደርሰዋል፣ ከሌሞ የመጣ ዘመድ እንኳ ደርሷል።

ድንኳኑ እሱ በር ላይ ተተከለ። ለቀስተኛው ከሌሞም ከአንጋጫም መጣ፤ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ከሩቅ የተጓዙ። የወንድሜ ጉድጓድ ገና ድንጋይ ላይ ነው፣ ያለችው አንዲት አሮጌ የጉድጓድ ሽንት ቤት ለዚያ ሁሉ ሰው አትበቃም። ማንም ምንም ሳይለኝ ወርጄ መጋዝ አንስቼ የታሸገውን የቱቦ አፍ በገዛ እጄ ቆረጥኩት። ሦስት ቀን የለቀስተኛው ሁሉ ውሃ ወደ እኔ ወረደ። ፓምፑ እንደ ድሮው ይጣደፍ ጀመር፤ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ አልጋው ባዶ ነው። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ መልሼ አሸግኩት። ያመሰገነኝ የለም። እኔም ምስጋና አልጠበቅኩም ብል ውሸት ነው።

ሽማግሌዎች አስታረቁን። ተቃቀፍን፣ "ይቅር ብያለሁ" ተባባልን፤ አፌ ነው ያለው። ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ እውነትም ማሽን አምጥቶ ድንጋዩን አሰበረ፣ የራሱን ታንከር ሠራ። አንድ ቀን በሬ ላይ መጥቶ ቆመ። ለእሱም ፓምፕ ሊገጠም ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛውን ስልክ ፈልጎ ነው። ቁጥሩን እያነበብኩለት በስልኩ መዘገበ። ሊሄድ ሲል ወደ እናቴ ክፍል መስኮት አየ።

"በመጨረሻው ቀን ጠይቃሽ ነበር" አለኝ። "ጧት። ስምሽን ጠርታ፣ 'የታለች?' አለች።"

የበሩን መቃን ያዝኩ። "ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?"

"ትምህርት ቤት ነበርሽ።"

"እሁድ ነበር" አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዞሮ ሽቅብ ሄደ፤ እኔም በሩን ዘጋሁ።